መለኪያዬ ሳን ሆዜ ነው ያለው

የደም ግፊት እንዳለብኝ ከሐኪሜ ቀጥሎ የሰማው ቴሌግራፍ ጎዳና ነው። ከኦክላንድ መሀል ተነሥቶ እስከ በርክሌ ዩኒቨርሲቲ በር ድረስ በሚዘልቀው በዚህ ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ አይጠፋም፤ እንጀራ በሚሸጥበት ደግሞ ወሬ በነፃ ነው። የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ያውም አስምዬ። እንጀራ ልገዛ ስገባ ባለሱቋ ከገንዘቡ በፊት ፊቴን አየችና «ወንድሜ፣ ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ!» አለችኝ። ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ ሽፈራው ይሻላል ብሎ ተከራከራት። ከእሱ ኋላ የነበሩት እናት ሁለቱንም ናቁና ጠበል አዘዙልኝ። እንጀራውን ረስቼ ወጣሁ።

እኔን ደግሞ ምንም አያመኝም ነበር። የዚህ በሽታ ተንኮሉም እሱ ነው። ራሱን ሲያመው ብቻ «ዛሬ ግፊቴ ተነሥቷል» በሚል ሕዝብ መሀል፣ ድምፁን አጥፍቶ ልብንና ኩላሊትን የሚበላ ነገር ማን ያምናል? ሳያመኝ ኪኒን መዋጥ ሳይርበኝ በግድ እንደመብላት ሆኖብኝ ነበር።

የመጀመሪያው ኪኒን ሊሲኖፕሪል ይባላል። አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል እንደሚያመጣ ፋርማሲስቷ ነግራኝ ነበር፤ ያ አንዳንድ ሰው እኔ ሆንኩ። ጊዜው የኮሮና ፍርሃት ገና ያልለቀቀን ጊዜ ነው። ቅዳሴ ላይ አንዴ ስስል ከፊቴ የነበሩት ዞረው አዩኝ፤ ስደግመው ቦታ ለቀቁልኝ። እንደዚያ ቀን ተመችቶኝ አስቀድሼ አላውቅም። ሐኪሟ ወደ አምሎዲፒን ቀየረችልኝ፤ ሳሉ ሄደና ቁርጭምጭሚቴ አበጠ። መጠኑ ተቀንሶ ሌላ ኪኒን ሲታከልበት ነው እግሬም ጉሮሮዬም የታረቁኝ።

ቀጥሎ የጨው ነገር መጣ። የምግብ ባለሙያዋ የሰጠችኝ ወረቀት በቀን ከ2,300 ሚሊግራም ሶዲየም አትለፍ ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ገደማ መሆኑ ነው። ከታች የሚፈሩ ምግቦች ተደርድረዋል፦ የቆርቆሮ ሾርባ፣ ፒዛ፣ ቋሊማ። እኔ ከእነዚህ አንዱንም አልበላም። የእኔ ጨው ያለው በርበሬው ውስጥ ነው፤ ከኮረሪማው፣ ከጥቁር አዝሙዱና ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር አብሮ ተፈጭቶ፣ በሻንጣ ተጭኖ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ስንት እንደሆነ ላጣራ ብዬ እህቴ ዘንድ ደወልኩ።

«በርበሬው ላይ ስንት ጨው አድርገሽበታል?»

«በመጠኑ።»

«መጠኑ ስንት ነው?»

«እንደ በርበሬው ነዋ!»

«በኪሎ ስንት?»

ዝም አለች። ከዚያ በቀዘቀዘ ድምፅ «በዛብህ እንዴ?» አለችኝ፤ ከዚህ በኋላ ስለ ሶዲየም ማውራት አይቻልም። «ያለ ጨው ልኬልህ ቢነቅዝ አልጠየቅም» ብላ ዘጋችው።

በዚህ መሀል ስለ ሎስ አንጀለስ ጸጉር ቤቶች አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ነው። ግፊታቸው ከፍ ያለ 319 ጥቁር ወንዶች በ52 ጸጉር ቤቶች ታቀፉ፤ በከፊሎቹ ቤቶች ፋርማሲስት ራሱ እየመጣ ለካቸው፣ መድኃኒትም አዘዘላቸው። በስድስት ወር የላይኛው ቁጥራቸው በአማካይ በ27 ወረደ። ጸጉር አስተካካያቸው አኗኗራቸውን እንዲያስተካክሉና ሐኪም እንዲያዩ ብቻ በመከራቸው ዘንድ የወረደው በ9 ነው። ሐኪም ቤት የሚጠራጠር ሰው ጸጉሩን ለሚቆርጠው አንገቱን ሰጥቷልና እጁን አይከለክልም። ጸጉር ቤት ይህን ከሠራ የእኛ የወር ጽዋ ምን ያንሰዋል አልኩና የግፊት መለኪያዬን በቦርሳ ይዤ ሄድኩ።

ባለተራው የሚኖረው አሽቢ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ዶሮው ተበልቶ፣ ቶናው ሲቀዳ መለኪያዬን አወጣሁ። ሁሉም በአንድ ጊዜ እጅጌውን ሊሰበስብ ተነሣ። የማኅበሩ መሪ ሙሴያችን ቀድመው ተለኩና የቁጥራቸውን ከፍታ እንደ ሹመት ተቀበሉት። ከዚያ ከሳን ሆዜ የመጡት እትዬ ተራቸው ደረሰ። ጨርቁን በሹራባቸው ላይ ጠመጠሙት፣ እግራቸውን አነባበሩ፣ ስኒያቸውን በሌላው እጃቸው እንደያዙ በግፊት ድንገት ስለሞተ ዘመዳቸው መተረክ ጀመሩ። መለኪያው ጮኸ፦ 178 በ102።

«በሉ ደኅና ሁኑ» አሉ እትዬ።

ማን ናይን ዋን ዋን እንደደወለ እስከ ዛሬ አልታወቀም። በዚህ አገር ለልብም ለእሳትም ቀዩ መኪና ይመጣል፤ ሰዎቹ ደረጃውን ሲወጡ ደግሞ ዕጣኑ የጭስ ደወሉን አስነሥቶት ነበርና የትኛውን ሊያጠፉ እንደመጡ ግራ ገባቸው። አንደኛው ወጣት ተንበርክኮ እትዬን አያቸው። ደረትዎን ያምዎታል? ትንፋሽ ያጥርዎታል? ዓይንዎ ይደበዝዛል? ምንም የለም። እንግዲያው መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት ይሂዱ አላቸው። ሲመለሱ ጀርባቸውን ወንበሩ ላይ አስደገፈ፣ እግራቸውን መሬት አስረገጠ፣ እጅጌያቸውን ሰብስቦ ክንዳቸውን በልባቸው ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳረፈ፣ ለክንዳቸው ውፍረት የሚሆን ሰፊ ጨርቅ አመጣ። ከዚያ ዞሮ ለእኛ፣ አምስት ደቂቃ ማንም እንዳይናገር ብሎ አዘዘ። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የቤቱ ልጅ ተረጎመልን።

«ቅዳሴ ላይ ያልሆነልንን?» አሉ ሙሴው።

ሆኖም ተሞከረ። አንድ ሰው አስነጠሰ፣ ሦስቱ «ይማርህ» አሉ፣ ሰዓቱ እንደገና ተጀመረ። በመጨረሻ 146 በ88 ወጣ። የእሳት አደጋው ወጣት እንዳስረዳን፣ የሞላ ፊኛ፣ ወሬ፣ የተነባበረ እግር፣ የጠበበ ጨርቅ፣ ከግማሽ ሰዓት ወዲህ የተጠጣ ቡና፣ እያንዳንዱ ከራሱ ይጨምራል፤ እትዬ አንዱም አልቀረባቸው። 146ም ቢሆን ሐኪም የሚያሳይ ነው ብሎ አስጠንቅቋቸው፣ በረካውን እንኳ ሳይቀምስ ሄደ። ለዚህኛው እስካሁን ይታማል።

እትዬ በወሩ ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ ኪኒንም ጀመሩ። ጸጉር ቤቱ ሠራ ማለት ነው። ሙሴው ግን የዚያኑ ዕለት አንድ ነገር ወስነው ነበር፦ ጽዋው ወደ ተረካቢው ሲሄድ መለኪያውም አብሮ ይሄዳል። የእኔ እኮ ነው ልል አፌን ስከፍት «ለማኅበሩ የሰጠውን ይባርክልን» ተብሎ አሜን ተብሏል።

አሁን ሐኪሜ የቤት ልኬት ጽፈህ አምጣ አለችኝ፣ ጠዋትና ማታ። ተረካቢዋ እትዬ ናቸውና ሳን ሆዜ ደወልኩ።

«እትዬ፣ መለኪያውን ፈልጌ ነበር።»

«ውይ የኔ ልጅ፣ ለጎረቤቴ ለቬትናሟ አውሻት፣ እሷ ደግሞ ለእህቷ ወስዳዋለች። የእህቷ ከኔም ይብሳል አሉ። አንተ ገና ወጣት ነህ፣ ትደርሳለህ።»