ከቢሮ ሳይወጡ ዝናብ የማዝነብ ዘዴ

የኢትዮጵያን የአርባ ዓመት ዝናብ በአንድ ካርታ ሊያሳዩን ቆርጠው ተነስተዋል፤ እሰየው። ዳታው እንደሆነ በነጻ ይገኛል። ቺርፕስ የተባለው የሳተላይት ዝናብ መረጃ ስብስብ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የየዕለቱን ዝናብ በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ሸንሽኖ አስቀምጦልዎታል። ለሀገራችን ብቻ ቢቆጠር ከ500 ሚሊዮን በላይ ቁጥር ነው። ይህን አሃዝ በሪፖርትዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጎላ አድርገው ይጻፉት። ሳተላይቱ የሚያየው የደመናውን አናት ቅዝቃዜ እንጂ ዝናቡን እንዳልሆነ፣ ጎን ለጎን ያሉት ቁጥሮችም አንዱ የሌላው ግልባጭ ሊሆን ምንም እንዳልቀረው ማንም አይጠይቅዎትም። ብዛቱ ራሱ ያስደነግጣል።

ከዚያ የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎችን መረጃ ይጠይቁ፤ ሲሰጥዎ ግን አያንብቡት። ባዶ ቦታ ካገኙ ዜሮ ይሙሉበት፤ መዝጋቢው ታሞ የቀረበት ቀን ሁሉ ድርቅ ይሁን። «መረጃ የለም» ለማለት የተጻፈውን -9999 ደግሞ ሳይነኩ አማካዩ ውስጥ ይክተቱት። ዝናብ ከምድር ወደ ሰማይ የሚወጣበት ወረዳ ከተገኘ ትልቅ ግኝት ነው፤ ጆርናሎች ይሻሙብዎታል።

በተለይ ሰዓት የሚባል ነገር ውስጥ አይግቡ። መዝጋቢው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጭቃውን እያቋረጠ ሄዶ፣ መለኪያው ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ወደ ብርጭቆው ገልብጦ፣ ዐይኑን ከውሃው ልክ አስተካክሎ ሚሊ ሜትሩን ያነብና መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። ብዙውን ጊዜ የለካው የትናንት ከሰዓቱን ዶፍ ነው። የሳተላይቱ ቀን ደግሞ የሚለወጠው በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። እርስዎ ሁለቱን እንዳሉ በቀናቸው ያጋጥሟቸው። አልገጥም ሲሉ «የሀገር ውስጥ ጣቢያዎች የመረጃ ጥራት አሳሳቢ ነው» ብለው ይደምድሙ። በብርዱ ቆሞ ሲያነብ የኖረው ሰው እንደሆነ ሪፖርትዎን አያየውም።

አሁን ወደ ዋናው ጥበብ እንምጣ፤ ዝናቡን የሚገምተው ሞዴልዎ ትክክል መሆኑን ማስመስከር። መረጃውን በዕጣ ይክፈሉት፦ 80 በመቶው ለማሠልጠኛ፣ 20 በመቶው ለመፈተኛ። የደብረ ማርቆስ አንዱ አራት ማዕዘን ሲሠለጥን አጠገቡ ያለው ይፈተናል፤ ሐምሌ 12 ሲሠለጥን ሐምሌ 13 ይፈተናል። አር ስኩዌርዎ፣ ማለትም ግምቱ ከልኬቱ ጋር የመግጠሙ ነጥብ፣ 0.98 ይወጣል። እልል ይበሉ። ተጨማሪ ምስክር ካስፈለገዎ፣ ቺርፕስን ሲሠሩ ቀድመው የተጠቀሙባቸውን እነዚያኑ ጣቢያዎች ያምጡና ቺርፕስን ይመዝኑበት፤ እንዴት እንደሚስማሙ ሲያዩ ይደነቃሉ። ይህም ካልበቃ ጎሬንና ሰመራን በአንድ ላይ ደምረው ያስሉ። ጎሬ ላይ ከሰመራ ይበልጥ እንደሚዘንብ ለማወቅ ሞዴል አያስፈልግም፤ ነጥቡ ግን ለእርስዎ ይያዛል።

ኧረ አንተ ሰው! ይሄ ፈተና ሳይሆን ኩረጃ ነው! አንድ ዞን ሙሉውን ደብቀህ ሞክረው እስቲ! እ.ኤ.አ. 2015ን ከነክረምቱ አውጣና ሞዴልህ ይደርስበት እንደሆነ እይ! ያን ዓመት ኤልኒኞ ክረምቱን ነጥቆ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እጁን ለእርዳታ ሲዘረጋ፣ ያንተ 0.98 የት ይገባ ነበር?

ይቅርታ፣ አንቱታዬን ረሳሁ። እንቀጥል።

ዳኒ ክሪግ የተባለ የደቡብ አፍሪካ የማዕድን መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1951 ከተቆፈረው ተነስቶ ያልተቆፈረውን ወርቅ የመገመት ሐሳብ አቀረበ፤ ከተለካው ተነስቶ ያልተለካውን ለመገመት ዝናብ ላይም ይሠራል። ችግሩ የነጥቦቹን ሁሉ የእርስ በርስ ዝምድና ማስላት መጠየቁ ነው። ለ100 ሺህ ነጥብ የዝምድናው ሰንጠረዥ ብቻውን 80 ጊጋባይት ይወስዳል። አልዶ ቬኪያ እ.ኤ.አ. በ1988 እያንዳንዱን ነጥብ ከጥቂት ነጥቦች ጋር ብቻ በማዛመድ መላ አበጅቶለት ነበር። ማን ያነባል ታዲያ? 99 በመቶውን ዳታ ይጣሉና ዝም ይበሉ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን 500 ሚሊዮን ግን አደራ፣ እንዳይነኩት።

ከባሕር ወለል በታች ካለው ዳሎል እስከ ራስ ዳሸን አንድ ደንብ ይበቃል። ወቅቱም አንድ ነው፤ ክረምት። የቦረናን ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ደምረው «ከባድ ድርቅ» በማለት በቀይ ይቀቡት። የቦረና ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛውም በጥቅምትና በኅዳር መሆኑን የሚያውቀው ከብት አርቢው ነው፤ እሱ ደግሞ ኮድ አይጽፍም።

የክልል ድንበር ካስፈለገዎ ኮምፒውተርዎ ውስጥ የከረመውን ፋይል ያውጡ። «ደቡብ ብሔር ብሔረሰቦች» የሚባል ክልል የለም ቢሉዎት፣ በእርስዎ ካርታ ላይ አለ። የሕዝቡን ብዛት ከ1999ኙ ቆጠራ ይውሰዱ፤ ከዚያ ወዲህ ስላልተቆጠርን በዚህ እንኳ አልወቅስዎትም።

ቀጥሎ ጥርጣሬን መደበቂያው ይምጣ። ጣቢያዎቻችን በአብዛኛው ከተማና መንገድ ዳር ነው ያሉት። ከመንገዱ ርቆ ባለው ቆላ፣ በሶማሌ ክልል ሰፊ ሜዳ ላይ ለምሳሌ፣ ሞዴልዎ የሚናገረው ብዙው ግምት ነው። ደህና ሞዴል ይህን ራሱ ያውቃል፤ የት እንደሚጠራጠር አስልቶ ለብቻው ካርታ ያወጣልዎታል። ያንን ፋይል ያጥፉት። እንዲያውም ጥርጣሬው በበዛበት ቦታ ቁጥሩን በሁለት ዲሲማል ይጻፉ፦ ለቀበሌዋ 437.26 ሚሊ ሜትር። 0.26ቷን አይቶ የሚከራከርዎ አይኖርም። የሚከራከር ከመጣ፣ መጨረሻው ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል «የጥናቱ ውስንነቶች» የሚል አንቀጽ አለልዎት።

ካርታው በደብዳቤ ታጅቦ ለሚደርሳችሁ የወረዳ ግብርና ባለሙያዎች ግን ሌላ ቃል አለኝ። ገበሬውን «ዝራ» ከማለታችሁ በፊት ካርታውን ለሠራው ሰው ሁለት ጥያቄ አቅርቡለት፦ የቅርቡ ዝናብ መለኪያ ከእኛ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል? የጥርጣሬውስ ካርታ የታለ?