ማን ላከህ?

የፕሮግራም ስህተት ለማደን የሚያገለግለው፣ ዲበገር የሚባለው ፕሮግራም የምወድለት አንድ ጠባይ አለው፤ የማያውቀውን አያወራም። ከፊቱ የሚቆመው ባለ መስኮቱ ፕሮግራም ግን ሌላ ዓይነት ፍጡር ነው። በቀይ ነጥቡ፣ በቢጫ መስመሩና በተደረደረ የቫሪያብል ዝርዝሩ አጊጦ ሲታይ ሁሉን አዋቂ ይመስላል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን አንድም ነገር አያውቅም፤ ሲጠይቅ ነው የሚውለው።

ይህን የማስረዳው ከእኔ ጋር አንድ ስህተት ለሚያሳድድ የቢሯችን ወጣት ነው።

«ጋሼ፣ ‹ድምር› ቅድም 7 ነበር፤ አሁን ግራጫ ሆኖ ቀረ። መስኮቱ ተበላሸ እንዴ?»

መስኮቱ ምን በወጣው! ወሬውን የሚያቀብለው ከጀርባ ያለው ጂዲቢ ነው። ሪቻርድ ስታልማን በ1986 እ.ኤ.አ. የጻፈው ይህ ዲበገር እንደ እኔ ካለ ሽማግሌ ጋር በትእዛዝ መስመር ይነጋገራል፤ ከመስኮቶች ጋር ደግሞ ኤምአይ በተባለ፣ ለፕሮግራም እንዲመች ተደርጎ በተሠራ ቋንቋ። መስኮቱ «‹ድምር›ን ተከታተልልኝ» ሲለው ጂዲቢ ለቫሪያብሉ መዝገብ ይከፍትለታል። ከዚያ ወዲያ የሚመረመረው ፕሮግራም በቆመ ቁጥር መስኮቱ «ምን ተለወጠ?» ይላል፤ ጂዲቢም የተለወጠውን ብቻ ይነግረዋል። ያልተለወጠውን እየደገመ አይነዘንዝም። ብዙ ልጆች ያሉትን ቫሪያብልም ቢሆን «ልጆቹን ቁጠርልኝ» እስኪባል ድረስ አንድ በአንድ አይዘረዝርም። ለቅሶ ቤት የማገኛቸው አንዳንድ ዘመዶቼ ይህን ቢማሩ ምን ነበረበት!

ጣጣው የሚመጣው ስም ሲመሳሰል ነው። ራሱን የሚጠራ ፈንክሽን ካለ በአንድ ጊዜ ብዙ «ድምር» ይኖራል። የትኛው ነው የእኛ?

«ሱቅ ተልከህ ታውቃለህ?» አልኩት ልጁን። እናት ትልቁን ትልካለች፤ ትልቁ መካከለኛውን፣ መካከለኛውም ታናሹን። ሱቁ በር ላይ ታናሹን ያገኘ ሰው «ማን ላከህ?» እያለ ወደ ኋላ ቢሄድ እናትየው ዘንድ ይደርሳል። ፈንክሽን በተጠራ ቁጥር የሚፈጠረው፣ ስታክ ፍሬም የሚባለውም እንደዚሁ ነው፤ ሁሉም በየኪሱ የራሱን «ድምር» ይዟል። ታናሹ ዜሮ ቁጥር ነው፣ ሜይን የተባለችው እናት ወደ መጨረሻው ትገኛለች።

ልጁ «እንግዲያው በቁጥሩ መለየት ነዋ!» አለኝ። ቁጥሩ አይታመንም። ታናሹ ሌላ ልጅ የላከ እንደሆነ ዜሮነቱን ያስረክብና አንድ ይሆናል። ስለዚህ ጂዲቢ ፍሬሙን የሚለየው ስታክ ላይ ባለው አድራሻና በፈንክሽኑ የኮድ አድራሻ ነው፤ የቫሪያብሉንም መዝገብ ከዚያ ጋር ያስረዋል። ፈንክሽኑ ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ ፍሬሙ ይነሳል። ያኔ ስለ «ድምር» ሲጠየቅ «ከክልሉ ወጥቷል» ይላል፤ መስኮቱም ግራጫ ይቀባዋል። መሐል ላይ ፕሮግራሙን እንደገና ኮምፓይል ካደረግነው ደግሞ መልሱ ይከርራል፤ «መዝገቡ ዋጋ የለውም» ይላል። መስኮቱም መዝገቡን ይሰርዘዋል ተብሎ ይጠበቃል።

ልጁን ያናደደው ግን «ኦፕቲማይዝድ አውት» የሚለው መልስ ነው። «ኮዱ ላይ በዓይኔ እያየሁት የለም ይለኛል!» አለ። አልተዋሸም። ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙን ለማፍጠን ሲል አንዱን ቫሪያብል ሬጂስተር ላይ ያውለዋል፣ ቆይቶ ወደ ስታክ ያዛውረዋል፣ ከዚያ ወዲያ ካልፈለገው ቦታውን ለሌላ ይሰጥበታል። ድዋርፍ የሚባለው የዲበግ መረጃ ከየትኛው ኢንስትራክሽን እስከ የትኛው ቫሪያብሉ የት እንዳለ ይመዘግባል። ድዋርፍ «የትም የለም» ካለ ጂዲቢም የለም ይላል። እኔ በስብሰባ ላይ የማላውቀውን ስጠየቅ «በሂደት ላይ ነው» የምለውን ያህል እንኳ አይሞክርም።

ልጁ መከራከሩን ትቶ ፕሮግራሙን ያለ ኦፕቲማይዜሽን ኮምፓይል አደረገው። «ድምር» ከነቁጥሩ መጣ፤ ፍሬሞቹም ተሰልፈው ታዩ። ስናሳድደው የነበረው ስህተት ግን በዚያው ጠፋ። ደጋግመን አስኬድነው፤ ፕሮግራሙ እንደ ጨዋ ልጅ ቀጥ ብሎ ይሠራል።

«ጋሼ፣ ‹ተስተካክሏል› ብዬ ጉዳዩን ልዝጋው?»

«ዝጋው» አልኩት፤ «ማታ ስልክህን ግን እንዳትዘጋ።»