ሳይሞት የተቀበረ ስልክ

አክስቴ ደብረ ብርሃን ገበያ ዳር ጌሾና ብቅል ትቸረችራለች። ዛሬ ዛሬ ብቅል ገዢውም ጥሬ ብር መያዝ ትቷል፤ «እማማ፣ በስልክ ላስገባልዎ» ይላል። አስገባሁ ብሎ የውሸት ደረሰኝ የሚያሳይም ስላለ፣ እሷ ብቅሉን ከመስፈሯ በፊት የባንኩን አፕ ከፍታ ሒሳቧን ታያለች። አጭር መልእክቱ አንዳንዴ ይዘገያል፤ ገዢው ደግሞ ይቸኩላል። አፑ ለእሷ እንደ ሚዛኗ የሥራ ዕቃ ነው።

አንድ የገበያ ቀን ማለዳ ደወለችልኝ። «ልጄ፣ ስልኩ እምቢ አለኝ። እንግሊዝኛ ጽፎ ዝም ይላል፤ ሰው ቆሞብኛል።» የጎረቤት ልጅ ፎቶ አንስታ ላከችልኝና አነበብኩት። አፑ ከእንግዲህ በዚህ የአንድሮይድ ስሪት ላይ አይሠራም፣ ይላል። ሌላ ነገር የለውም። አማርኛ የለው፣ ምን ላድርግ ለሚል ሰው መልስ የለው።

ያ ስልክ ታሪክ አለው። ልጇ ዱባይ ሥራ እንደ ጀመረች ለራሷ የገዛችው ነው። ሌላ ስትገዛ ለወንድሟ ላከችው፤ እሱም ሲቀይር ለእናቱ ሰጠ። በብዙ ቤት ስልክ የሚወረሰው እንዲህ ነው። ጥጉ ከመሰንጠቁ በቀር ይደውላል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ባትሪው ውሎ ያድራል። ውስጡ ያለው አንድሮይድ 5.1 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ። አክስቴ ነገሩን ስነግራት «ሳይሞት ቀበሩት እንዴ?» አለችኝ።

ደብረ ብርሃን ሄጄ ስልኩን ይዘን ባንክ ገባን። ያስተናገደችን ልጅ ትሑት ናት፤ አገላብጣ አየችውና «እማማ፣ ስልክ መቀየር ነው እንጂ እኛ ጋ መላ የለውም» አለች። አክስቴ አመሰገነቻትና ወጣን። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ስልኩን ይዤ አዲስ አበባ ተመለስኩና መገናኛ ያሉትን የሞባይል ጥገና ሱቆች ማዳረስ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ወጣት ቅንብሩን ከፍቶ አየና «ጋሼ፣ ይሄ አፕዴት የለውም። አምራቹ ካቆመለት ቆይቷል» አለኝ። ሁለተኛው ፍላሽ አድርጎ አዲስ ስሪት ሊጭንበት ፈለገ። በጎ ፈቃደኞች ለአሮጌ ስልኮች የሚሠሩት ስሪት እንዳለ አውቃለሁ፤ ለዚህኛው ሞዴል ግን የሠራ አልተገኘም። የሌላ ሞዴል ቢጫንበት ስልኩ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። ሦስተኛው ሱቅ ግን ሰው ሞልቶበታል። «የድሮው አፕ አለኝ፤ ከቴሌግራም ያወረድኩት ነው፣ ይሠራል» አለ ልጁ። እኔ ቆሜ እያለሁ ለአንድ ጎልማሳና ለአንዲት እናት ጫነላቸው።

ያን ሳይ ደነገጥኩ። ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ነካካው የማይታወቅ የባንክ አፕ! እነዚያ ሰዎች የሚስጥር ቁጥራቸውን እዚያ ላይ ሊጽፉ ነው። ለልጁም ለእነሱም ነገርኳቸው። እናትየዋ «ታዲያ ምን ላድርግ ልጄ?» አለችኝ፤ እኔም በእጄ መልስ አልነበረኝም። ለደኅንነት ተብሎ ዋናው በር ሲዘጋ፣ ሌላ ስልክ መግዛት የማይችለው ሰው በጓሮ በር ይገባል፤ የጓሮው በር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አደገኛው ነው።

ፕሮግራም ሠሪዎቹ ያለ ምክንያት አይዘጉም፤ ይህን ከልቤ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ስቴጅፍራይት የተባለ የደኅንነት ቀዳዳ ይፋ ሆነ። ከአንድሮይድ 2.2 እስከ 5.1 ያሉት ስልኮች የተበከለ የቪዲዮ መልእክት ስለ ደረሳቸው ብቻ ሊጠለፉ ይችሉ ነበር። ጎግል በየወሩ የደኅንነት ማሻሻያ ማውጣት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ማሻሻያ የማይደርሰው ስልክ እንዲህ ያለው ቀዳዳ ሁሉ ይጠራቀምበታል፤ ባንክ የሰው ገንዘብ በዚያ ስልክ እንዲያልፍ መፍራቱ ተገቢ ነው። ዋትስአፕም ቢሆን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 አንድሮይድ 4.0.4ንና ከዚያ በታች ያሉትን ትቷል፤ በጥቅምት 2023 ደግሞ ከ5.0 በታች ያሉትን።

ግን መላ የፈለጉም አሉ፤ ታሪካቸውን ሳልናገር አላልፍም። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አለ። ድረ ገጾች እውነተኛ ስለ መሆናቸው የሚመሰክር የምስክር ወረቀት በነጻ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ከ7.1.1 በታች ያሉ አንድሮይዶች ወረቀቱን ማመን ሊያቆሙ እንደሆነ አስታወቀ። በወቅቱ ከአንድሮይድ ስልኮች 33.8 በመቶው እዚያ ውስጥ ነበሩ። በሚቀጥለው ወር ግን መላ ይዞ መጣ። ለካ አንድሮይድ ሌላው ወረቀት ሁሉ የሚታመንበትን የዋናውን ምስክር የማብቂያ ቀን አያጣራም። ስለዚህ ጊዜው ሊያልፍ በተቃረበው በአሮጌው ምስክር አዲሱን አስፈረሙትና ስልኮቹ እስከ 2024 ሠሩ። አንድ ሰው ተቀምጦ እነዚያ ስልኮች በማን እጅ እንዳሉ አስቧል ማለት ነው። እኔ የምፈልገው ይህን ሐሳብ ነው።

ባዶ እጄን ደብረ ብርሃን ስመለስ አክስቴ ሥራዋን ቀጥላለች። የጎረቤቷ ልጅ ባንክ ወስዳ በኮከብና በመሰላል የሚደወለውን አገልግሎት አስመዝግባታለች። አክስቴም ከሳጥን ያወጣችውን ባለ ቁልፍ ስልክ ይዛ ሒሳቧን ታያለች። ዘዴው አሮጌ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚያልፈው ጽሑፍ ከ182 የላቲን ፊደል አይበልጥም፣ መሃል ላይም ይቋረጣል። ነገር ግን ስልኩ ምንም እንዲያውቅ አይጠየቅም፤ ስሌቱ ሁሉ በወዲያኛው ጫፍ ነው። ለዚህ ነው በየትኛውም ቀፎ የሚሠራው።

መጀመሪያ ስንሄድ ይህን መንገድ ባንኩ ውስጥ ማንም አለመንገሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አፑን መዝጋት ካለባቸው ይዝጉት፤ ግን ከወራት በፊት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ይናገሩ፤ መዝጊያው ጽሑፍ ላይም የሚደወለውን ቁጥር ይጻፉበት። አንድ መስመር ነው። ያቺ መገናኛ ያየኋት እናት ያ መስመር ቢደርሳት ኖሮ ሚስጥሯን ለማይታወቅ ፋይል ባልሰጠች።

የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ሌላ ስልክ ልትልክ ነው፤ እሷ የተጠቀመችበትን። ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ24፣ ጎግል ከፒክስል 8 ጀምሮ ለዋና ስልኮቻቸው የሰባት ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብተዋል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ጀምሮ ገበያው ላይ የሚገቡ ስልኮች ሽያጫቸው ካበቃ በኋላ ቢያንስ አምስት ዓመት ማሻሻያ እንዲያገኙ ደንግጓል። ሰባት ዓመቱ ግን የሚቆጠረው ስልኩ ገበያ ላይ ከዋለበት ቀን ነው፤ ዱባይ ሦስቱን፣ ወንድም ቤት ሁለቱን ከጨረሰ ለእናት የሚተርፈው ጥቂት ነው። ከመላኳ በፊት ቅንብሩ ውስጥ ገብታ የመጨረሻው የደኅንነት ማሻሻያ መቼ እንደ ደረሰው እንድታይ ጽፌላታለሁ።