ዶላር ጠፋ ትላላችሁ፣ ጠገራስ የት ገባ?

ዶላር ጠፋ ብሎ የማያማርር ሰው የለም። ጠገራ ጠፋ ብሎ ያዘነ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እንዲያውም የልጅ ልጄ «አባባ፣ ጠገራ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ። በኢኮኖሚክስ ተመረቀ ብለን በሬ የጣልንለት ልጅ ነው!

ስማ እንግዲህ። ጠገራ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት የብር ገንዘብ ነው። ሴትዮዋ በአውሮፓውያን 1780 ዓ.ም. ሞታለች፤ ገንዘቧ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ ከዚያም በኋላ ሲታተም ኖረ። ሞታ እንዲህ የሠራች እሷን ብቻ አውቃለሁ፤ የእኛ ቤት ጎረምሶች በቁማቸውም አልሞከሩት። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፣ ወርቁም የሚለካበት አንዱ ወቄት ያው የጠገራ ክብደት ነበር።

ያን ሁሉ ብር ቆፍረን አላወጣነውም። ቡናው፣ ቆዳው፣ ሰሙ፣ ዝባዱና የዝሆን ጥርሱ በምጽዋና በዘይላ በኩል ሲወጣ ነው ብሩ የገባው። የተሸጠ ሰውም ነበረበት፤ የድሮውን ዘመን ሳወድስ ይህን እንዳልዘልለው ነው። አባቶቻችን ደግሞ ዝም ብለው አይቀበሉም፤ የዘውዷን ፈርጥ ይቆጥራሉ፣ የልብሷን ጌጥ ይዳብሳሉ፣ የተፋቀ ከሆነ ይመልሱታል። አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸው መልክ ያለበትን ብር ፓሪስ አሠርተው ቢያስመጡ እንኳ ባላገሩ ሴትዮዋን አልለቅም አለ። ዝርዝሩ አሞሌ ጨው ነበር፣ ዝናብ ሲመታው የሚሟሟ። አልስቅበትም፤ የዛሬው ብር ያለ ዝናብም ይሟሟል።

የገባው ብር ግን እጃችን ላይ አልከረመም። ጠመንጃ ሲገዛ ወጣ፣ አቡጀዲ ሲገዛ ወጣ። የቀረውን እናቶቻችን ለአንጥረኛ እየሰጡ መስቀልና አልቦ አደረጉት፤ እሱ እንኳ ቤት ቀረ። ከምትገዛው የምትሸጠው ከበለጠ ብር ይገባልሃል፣ ካነሰ ይወጣብሃል። ይህን አያትህ ያለ ዲግሪ ታውቀው ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የወረቀቱ ብር ሲወጣ መንግሥት ባለ 50 ሳንቲሙን ከእውነተኛ ብር ያሠራው ሕዝቡን ለማባበል ይመስለኛል። ወረቀት ማን ያምናል? እኔ እስከ ዛሬ አላመንኩም።

የወርቁ ደግሞ ይብሳል። የጉጂና የቤኒሻንጉል ባህላዊ አምራች ወንዝ ውስጥ ቆሞ አጥቦ ያወጣዋል። ባንኩ በመንግሥት ምንዛሪ ሲገዛ፣ ድንበር ማዶ ያለው ነጋዴ ግን በጥቁር ገበያ ሒሳብ ይከፍል ነበርና ወርቁ በሌሊት ተሻገረ። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ያው ወርቅ እየተንጋጋ ወደ ብሔራዊ ባንክ መጣ፤ በ2017 በጀት ዓመት ወደ ውጭ ተልኮ ባስገኘው ገቢ ቡናን በለጠ። ቡናን! ድሮ ቡና ሸጠን ብር እናስገባ ነበር፣ አሁን ወርቁን ራሱን ሸጠን ነዳጅና ማዳበሪያ እንገዛለን። ስልክም እንገዛለን፤ የልጅ ልጄ ጠገራ ምንድን ነው ሲለኝ ዓይኑን ያላነሣበትን ስልክ።

ባለፈው የምራቴ እኅት ከዱባይ መጣች፣ እጇ እስከ ክርኗ 21 ካራት። «የዱባይ ወርቅ ነው» እያለች ታሳያለች። ዱባይ የት ጉድጓድ ቆፍራ? የዓለም ወርቅ ሁሉ፣ የእኛም ሳይቀር፣ እዚያ ይጎርፋል፤ የሠሪ ዋጋ ተጨምሮበት በሻንጣ ሲመለስ እኛ በእልልታ እንቀበለዋለን። እኔም እልል ከማለት አልዳንኩም፤ ምራቴ አጠገቤ ቆማ ነበር።

ወርቁን አትሽጡ አልልም፤ ነዳጁ በምን ይገዛል? ግን ከአያታችሁ ሣጥን ጠገራ ካገኛችሁ ለቱሪስት በርካሽ አትስጡብኝ። መጀመሪያ አስመዝኑት፣ ቀጥሎ የብርን የዕለት ዋጋ ጠይቁ።