አንድ መኪና በጅምላ

ይድረስ ለማከብርዎት አጎቴ፣

ባለፈው ደውለው «ልጄ አዲስ መኪና ሲገዛ ከሻጩ ጋር ፊት ለፊት እንኳ ሳይከራከር ከፈለ አሉኝ፤ ይህ ልጅ የኔ ነው?» ብለው ያዘኑበት ጉዳይ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው መጻፌ። ልጅዎ ነው። አልተሞኘም። እንዲያውም መኪናውን የገዛው የታክሲ ድርጅቶችና የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች በሚገዙበት ቢሮ በኩል ነው። የገዛው ግን አንድ ኮሮላ ብቻ ነው።

መጀመሪያ እርስዎ ባስተማሩት መንገድ ሞክሮ ነበር። ምናለሽ ተራ እጁን ይዘው ያሳዩትን አልረሳም፦ ዋጋ ሲጠራ መሳቅ፣ ግማሹን መስጠት፣ እምቢ ሲባል ጀርባ ሰጥቶ መራመድ፣ «ና እሺ፣ ውሰደው» እስኪባል አለመዞር። እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አጠገብ ካለ አንድ የመኪና ዲለር ገባና ዋጋ ሲጠራለት ሳቀ። ሻጩም አብሮት ሳቀ። ቡና አመጣለት፤ ስለ ሯጮቻችን አንሥቶ አጫወተው፤ ከዚያ አንዲት ጥያቄ ጣል አደረገ፦ «በወር ስንት ብትከፍል ይመችሃል?»

ልጅዎም መለሰ። ወጥመዱ እዚያ ነበር።

ሻጩ ወረቀት አውጥቶ በመስቀል ለአራት ከፈለው። አንዱ ሳጥን ለመኪናው ዋጋ፣ አንዱ ለአሮጌዋ መኪናው ለሚታሰብለት፣ አንዱ ለቅድሚያ ክፍያ፣ አንዱ ለወርኃዊ ክፍያ። ይህ ወረቀት በአሜሪካ መኪና ሻጮች ዘንድ የቆየ መሣሪያ ነው። ገዢው ከዋጋው ላይ ሲያስጥል ለአሮጌዋ የሚታሰበው ያንሳል፤ አሮጌዋን ሲያስጨምር ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሁለቱንም ይዞ ሲጮኽ የወር ክፍያው ይቀነስለትና ደስ ይለዋል። ወርኃዊው የሚቀንሰው ግን የመክፈያው ዘመን ስለሚረዝም ነው። ለምሳሌ 25,000 ዶላር በ7 በመቶ ወለድ በ60 ወር ሲከፈል ወርኃዊው 495 ዶላር ገደማ ነው። ይኸው ዕዳ ወደ 84 ወር ሲሳብ 377 ገደማ ይሆናል። ገዢው በወር 118 ዶላር አስጣልኩ ብሎ ይወጣል፤ ዕዳው ሲያልቅ ግን 2,000 ዶላር ያህል ጨምሮ ከፍሏል። መርካቶ አንድ ዋጋ ላይ ነው የምንሟገተው፤ እዚህ በአራት ዋጋ መካከል ያሯሩጡናል።

በዚያ ላይ ሻጩ ዋጋ የመቁረጥ ሥልጣን የለውም። «ማናጀሬን ላማክርልህ» ብሎ ይጠፋል፣ ይመጣል፣ እንደገና ይጠፋል። ልጅዎ ሲመሽበት ተነሥቶ ወጣ። ጀርባውን ሲሰጥ ከኋላው የጠራው የለም፤ ስልኩ ግን ለሳምንታት ሲጮኽ ከረመ።

መላውን የነገሩት ታክሲ እየነዱ ልጆቻቸውን ኮሌጅ ያስገቡ ያገራችን ሰው ናቸው። «ሻጩን ተወው፤ ፍሊት ማናጀሩን ፈልግ» አሉት። ፍሊት ማናጀር ማለት ለከተማ አስተዳደር፣ ለታክሲ፣ ለጥበቃና ለቧንቧ ሥራ ድርጅቶች መኪና በብዛት የሚሸጥ ኃላፊ ነው። የእሱ ደንበኞች መኪና የሚገዙት በየጊዜው ስለሆነ ዋጋውን ያውቃሉ፤ ቡናና ጨዋታ አያታልላቸውም። በብዙ ቦታ የሚከፈለውም ከእያንዳንዱ ሽያጭ በሚገኘው ትርፍ ልክ ሳይሆን በተሸጠው መኪና ቁጥር ነው። ስለዚህ አንድን ገዢ ግማሽ ቀን ይዞ ከማድከም ይልቅ ዋጋውን ነግሮ ወደ ቀጣዩ ማለፍ ይሻለዋል። ለግለሰብ እንዳይሸጥ የሚከለክለው ሕግ የለም፤ ፈቃዱ የእሱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። አምራቾቹ ለድርጅቶች የሚሰጡት ልዩ ቅናሽ ለብቻው ነው። ለምሳሌ ፎርድ ለዚህ ቅናሽ ድርጅቱ 15 መኪና በሥራ ላይ እንዲኖረው ወይም በዓመት 5 አዲስ መኪና እንዲገዛ ይጠይቃል። ልጅዎ ያለው አንዲት አሮጌ መኪናና አንድ ብስክሌት ነው። ስለዚህ ያንን ቅናሽ አላገኘም፤ ሊያገኝም አይችልም። ያገኘው የአሻሻጡን መንገድ ነው፦ ዋጋው አስቀድሞ፣ በጽሑፍ፣ ያለ ቲያትር።

እንዴት አደረገው ቢሉኝ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ በዙሪያው ላሉ ዲለሮች ፍሊት ማናጀሮች አንድ ዓይነት ኢሜይል ላከ። የመኪናውን ዓይነት፣ ቀለሙንና ዕቃውን ዘረዘረ። ታክሱ፣ የታርጋውና የወረቀት ሥራው ሁሉ ተደምሮ፣ ቁልፉን ይዞ እስኪወጣ ድረስ ጠቅላላ ስንት እንደሚከፍል ጠየቀ። የሻንሲ ቁጥሩም እንዲጻፍለት አለ፤ ቁጥር ያልተጻፈበት ዋጋ ጓሮ ለሌለ መኪና የተሰጠ ሊሆን ይችላል። ብድሩን ከክሬዲት ዩኒየን (ከቁጠባና ብድር ማኅበር) አስቀድሞ አስፈቅዶ ስለነበር ስለ ወርኃዊ ክፍያ የሚያነሣለት አልኖረም። አሮጌዋንም ለብቻዋ ሸጣት። «ብቅ በልና እንነጋገር» ብለው የመለሱለትን ወዲያው ሰረዛቸው። ካርዳቸው ላይ ፍሊት ማናጀር የሚል ማዕረግ ከማሳተም በቀር ሥራቸው ከተራ ሻጭ የማይለይም አሉ፤ የሚታወቁት በዚችው መልስ ነው።

እርስዎን ይበልጥ የሚያስደስተው ግን የዋጋው ሆድ ዕቃ ነው። አዲስ መኪና ሁሉ መስኮቱ ላይ አምራቹ የተመነው ዋጋ ተለጥፎበት ነው የሚቀርበው። ይህን ያስገደደው የኦክላሆማው ሴናተር ማይክ መንሮኒ ያስወጡት እ.ኤ.አ. የ1958 ሕግ ነው፤ ወረቀቱ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከዚያ በታች ዲለሩ ለፋብሪካው የሚከፍልበት የደረሰኝ ዋጋ አለ። ሻጩ «በገባበት ነው የምሰጥህ» ሲል ይህን ደረሰኝ ያወጣል። መርካቶ «በገባበት ነው፣ ልጆቼን!» ብሎ የሚምለውን ነጋዴ ያስታውሱ፤ ያኛው ደረሰኝ እንኳ አያሳይም። የዚህኛው ደረሰኝ እውነተኛ ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ብዙ አምራቾች መኪናው ከተሸጠ በኋላ ከዋጋው 2 ወይም 3 በመቶ ለዲለሩ ይመልሱለታል። በ25,000 ዶላር መኪና ይህ ከ500 እስከ 750 ዶላር ነው። በዚያ ላይ በብዛት ለሸጠ የሚሰጥ ጉርሻ አለ፤ ለዚህም ነው በወር መጨረሻ ፍሊት ማናጀሩ እጁ የሚላላው። እናም በደረሰኙ ዋጋ የሸጠ ሰው ፆሙን አላደረም።

አንድ የማያስቅ ነገርም ልንገርዎት። የሕግ ምሁሩ ኢያን ኤይርስ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት ነጭና ጥቁር፣ ወንድና ሴት ገዢዎችን አንድ ዓይነት አነጋገር አስጠንተው ቺካጎ ወዳሉ መኪና መሸጫዎች ላኩ። ዝቅተኛው ዋጋ ለነጭ ወንዶች ተሰጠ፤ በጥቁሮቹ ላይ ተጨመረባቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ፊዮና ስኮት ሞርተንና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት፣ በኢንተርኔት ዋጋ ጠይቀው የገዙ ጥቁሮች ከነጮቹ ጋር የተቀራረበ ዋጋ እንደከፈሉ ታየ። ኢሜይል መልክ የለውም፤ እንግሊዝኛውም እንደ ልጅዎ ከወሎ አይነሣም። ፊት ለፊት አለመከራከሩ ፍርሃት እንዳይመስልዎት የምለው ለዚህ ነው።

መንገዱ ሁሌ ይሠራል ማለቴ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ እጥረት ፋብሪካዎቹን ባዘገየ ጊዜ መኪና ጠፍቶ ነበር፤ ብዙ ዲለሮች ከተለጠፈው ዋጋ በላይ ይጠይቁ ስለነበር ለኢሜይል የሚጨነቅ ፍሊት ማናጀር ማግኘት ከባድ ነበር። በደህናው ዘመንም ቢሆን ዋጋው ካለቀ በኋላ የፊርማው ክፍል ይቀራል። ልጅዎ እዚያ ሲገባ ተጨማሪ ዋስትና፣ የቀለም መከላከያና ጎማው ውስጥ የሚሞላ ናይትሮጅን ቀረበለት። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን መሆኑን ከስምንተኛ ክፍል ያስታውስ ስለነበር አመስግኖ እምቢ አለ። የወረቀት ሥራ ተብሎ የሚጠየቀውን ክፍያ ግን አላመለጠም። ካሊፎርኒያ ለዓመታት በ85 ዶላር ስትገድበው ቨርጂኒያ ጣሪያ አላበጀችለትም። ደግነቱ በኢሜይሉ ጠቅላላ ድምር ውስጥ ገብቶ ነበር። የግዛቱ 4.15 በመቶ የመኪና ታክስም እንዲሁ፤ እሱ ብቻውን ከ1,000 ዶላር በላይ ነው።

ብዙ ወገኖቻችን መኪና በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል ብለው ያምናሉ። አይቻልም። የሦስት ቀኑ የፌዴራል ደንብ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ የሚሸጥን ነጋዴ የሚመለከት እንጂ ዲለሩ ግቢ ውስጥ የፈረሙትን አይሸፍንም። ስለዚህ ልጅዎ መጀመሪያ መኪናውን ነድቶ፣ የሻንሲ ቁጥሩን ከኢሜይሉ ጋር አመሳክሮ ነው የፈረመው።

ለሰፈሩ ሰው «ልጄ አዲስ መኪና ገዛ» ሲሉ እባክዎ ሊብሬው በክሬዲት ዩኒየኑ እጅ መሆኑንም ጨምረው ይንገሩልን፤ የሰርግና የዕቁብ ጥያቄ ከወዲሁ መምጣት ጀምሯል። ቨርጂኒያ ውስጥም ለመኪናው በየዓመቱ የንብረት ግብር ይከፍላል። «ሲሰለቸው ለኔ ይላክልኝ» ያሉትን ነግሬዋለሁ። ሆኖም ኮሮላው በቤንዚን የሚሄድ ነው፤ አገራችን ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላለች።

አክባሪዎ፣
የወንድምዎ ልጅ