ርካሽ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ገዝቶ ለመጸጸት

ከሚሴ በኤሌክትሪክ ብስክሌት ለመክሰር የምትመች ከተማ አይደለችም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ በቦርከና ሸለቆ ወለል የተዘረጋች ስለሆነች ሜዳው ይበዛል፤ ከአስር ሰላት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ወደ ጨፋ ወጣ ብሎ ለመመለስ ደካማ ሞተርም ይበቃል። እንዲህ ባለ አገር መሳሳት ጥረት ይጠይቃል። ቢሆንም የሚቻል ነው፤ ጥረቱም አንድ መመሪያ ብቻ አለው፦ ብስክሌቱን ይዩ፣ ባትሪውን አይዩ።

ሱቅ ሲገቡ ቀለሙን፣ ስክሪኑንና የጎማውን ውፍረት ያድንቁ። ባትሪው ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ጽሑፍ ግን አያንብቡ፤ ያነበበ ሰው ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ ማባዛቱ አይቀርም፣ ካባዛ ደግሞ ግዢው ይበላሻል። 36 ቮልትና 10 አምፔር ሰዓት 360 ዋት ሰዓት ነው። በሜዳ ላይ ፔዳል እየመቱ ሲሄዱ አንድ ኪሎ ሜትር 10 ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፤ ፔዳሉን ትተው እጀታ ብቻ እየጠመዘዙ ከሄዱ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 80 ኪሎ ሜትር ላም አለኝ በሰማይ ነው። «ፋብሪካው ለክቶት እኮ ነው» የሚሉ አሉ። ልክ ነው፣ ለክቶታል፤ ቀላል ሰው አስቀምጦ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ሞተሩ ትንሽ ብቻ እየረዳ። የስሌቱ ትልቁ ጉዳት ግን ሌላ ነው፦ ለመዝናኛ የሚፈልጉት ትንሽ መሆኑን ያጋልጣል። ለ15 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ያው 360 ዋት ሰዓት ይተርፋል። አውሮፓውያን በመደበኛ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ላይ የፈቀዱት ሞተር 250 ዋት ነው፣ እገዛውም በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ያቆማል። እርስዎ ግን 1,000 ዋት ይጠይቁ፤ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ያንን ባትሪ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨርስልዎታል።

ቀጥሎ የባትሪውን ዓይነት አይጠይቁ። ዋጋው ከሌሎቹ በጣም ወርዶ ካዩት ብዙውን ጊዜ በውስጡ ያለው በእርሳስና በአሲድ የሚሠራው ነው፤ 500 ዋት ሰዓት የሚይዘው ከ15 ኪሎ ግራም ይበልጣል፣ ተመጣጣኙ ሊቲየም ግን ከሦስት እስከ አራት ኪሎ ነው። መብራት በጠፋበት ቀን ቻርጁ መንገድ ላይ ሲያልቅ ያንን ክብደት በእግርዎ ኃይል ብቻ እየገፉ ወደ ቤት መመለስ ለጤና ጥሩ ነው። የአሲድ ባትሪ ባዶ ሆኖ ሲሰነብት ውስጡ ባሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ ሰልፌት ይጋገርና መያዝ ያቆማል፤ ስለዚህ ቅዳሜ ጨርሰውት ሳይሞሉ እስከ ሳምንቱ ቅዳሜ ያቆዩት። ሊቲየም ከገዙም ተስፋ አይቁረጡ። እሱን የሚያስረጀው ሙቀትና ሙሉ ሆኖ መቀመጥ ነው፣ የከሚሴ ፀሐይ ደግሞ አይሰስትም፦ ከቀትር ጉዞ እንደተመለሱ ባትሪው ሳይቀዘቅዝ ይሰኩት፣ መቶ በመቶ ሞልቶ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይክረም። ሌሊት በብርዱ የሚሞሉና ከመውጣታቸው በፊት ብቻ የሚያጠግቡ ሰዎች አሉ፤ የእነሱ ባትሪ ዓመታት ይቆያል፣ አዲስ የመግዛት ደስታም ይቀርባቸዋል።

ከዚህ ምክር ላይ የሚነሣ አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፦ «ሰው ርካሹን የሚገዛው ወዶ ሳይሆን ስለሌለው ነው።» እውነት ነው። ግን ርካሽ መሆን የሚችለው ብረቱ ነው። ስክሪን የሌለው፣ ማርሽ የሌለው፣ መልኩ ተራ ብስክሌት ሜዳ ላይ ምንም አይጎድልበትም፤ ከዚያ የተረፈው ብር ባትሪው ላይ ቢውል ጥሩ ዕቃ ይገኛል። ጉዳቱን ከፈለጉ ግን ተቃራኒውን ያድርጉ፣ ሁለተኛውን ባትሪ በኋላ እገዛለሁ ይበሉ። ባትሪው ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። «በኋላ» የሚባለው ቀን በስንት ብር እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም፤ ይህ ለእኛ ዓላማ በጣም ተስማሚ ነው።

ለጥገናም ያስቡ። የከተማው ጎሚስታ የባጃጁንም የፎኒክስ ብስክሌቱንም ጎማ ይለጥፋል፤ ስለዚህ ካላማዳሪው በከሚሴም በኮምቦልቻም የማይገኝ መጠን ይምረጡ። ባትሪውም በብረቱ ሆድ ውስጥ የተቀበረ ይሁን፣ ተነቅሎ የሚወጣ አይሁን፤ ሲያምር ያምራል፣ ሲበላሽ ሙሉ ብስክሌቱ ይበላሻል።

ሜዳው ከሰለቸዎት አንድ ቀን ወደ ኮምቦልቻ ይውጡ። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ወደ 400 ሜትር ያህልም ሽቅብ አለው። ሰውና ብስክሌት ተደምረው 110 ኪሎ ቢሆኑ ለሽቅቡ ብቻ ወደ 120 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፣ ሞተሩ የሚያባክነው ሲጨመር 160 ይጠጋል። መንገዱ የአዲስ አበባ–ደሴ አውራ ጎዳና ነው፤ ከኋላዎ ተሳቢ ሲመጣ ፍሬኑን ለመሞከር ጥሩ አጋጣሚ ነው።

በመጨረሻ ከብስክሌቱ ጋር የመጣው ቻርጀር ሲበላሽ ሶኬቱ የገጠመልዎትን ማንኛውንም ቻርጀር ይሰኩና ብስክሌቱን በር ሥር አቁመው ይተኙ። ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ በፈረንጆቹ 2023 የሊቲየም ባትሪዎች 268 ቃጠሎ አስነሥተው 18 ሰው ሞቷል፤ ከተማዋም በዚያው ዓመት የደኅንነት ማረጋገጫ የሌላቸው እንዳይሸጡ ከልክላለች። ከላይ ያሉትን ምክሮች ሁሉ ቢፈጽሙ የሚጠፋው በአብዛኛው ብር ነው። ይህችን አንዷን ግን እባክዎ አይሞክሯት፤ የቻርጀሩ ቮልት ለባትሪው የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡ፣ ወደ መውጫ በሩ የሚወስደውንም መንገድ ክፍት ይተዉት።