ጓዝ ጭኖ መዞር፦ ስለ ሎዋር ነገሥታትና ብስክሌተኞች

በፈረንሳይ አገር ብስክሌት ላይ የሚቀመጥ ሰው ከሁለት ወገን የአንዱ ነው። የመጀመሪያው ወገን ከ1903 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አብዛኛውን ጊዜ በሐምሌ ወር ለሦስት ሳምንት ያህል አገሩን እያካለለ የሚሽቀዳደመው፣ ጽጋቡ ግርማይም በ2016 ከኢትዮጵያውያን ሁሉ ቀድሞ የተሳተፈበት የቱር ደ ፍራንስ ወገን ሲሆን፣ ይህ ወገን በካቴድራል ሥርም ይለፍ በቤተ መንግሥት ደጃፍ፣ ከፊቱ ካለው ሰው የኋላ ጎማ በቀር የሚያየው ነገር የለም። ሁለተኛው ወገን ግን ያገኘውን ሁሉ የሚያይ፣ ለማየትም የሚወርድ፣ ከወረደ በኋላም ተመልሶ ለመውጣት የማይቸኩል ነው፤ በብስክሌት እየተዘዋወሩ አገር የማየት ልማድ በፈረንሳይ ሳይክሎቱሪዝም ተብሎ ይጠራል፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እሱ ነው።

የዚህ ወገን አባት ተብሎ የሚቆጠረው ፖል ደ ቪቪ (1853–1930) በሴንት ኤትየን ከተማ የሐር ነጋዴ የነበረ ሲሆን፣ በ1887 የብስክሌት መጽሔት መሥርቶ ቬሎስዮ በሚል የብዕር ስም ለብዙ ዓመታት ጽፏል። ለተከታዮቹ የተወላቸው ሰባት ትእዛዛት ተጓዡ ሳይራብ እንዲበላ፣ ሳይጠማ እንዲጠጣ፣ ሳይበርደው እንዲደርብ፣ ለታይታ ብሎም ፔዳል እንዳይመታ የሚያዙ ናቸው፤ እስከዚህ ድረስ ጤነኛ ሰው ሁሉ የሚቀበለው ምክር ነው። ችግሩ በጉዞ ላይ ወይን ጠጅ፣ ሥጋና ትምባሆ የሚከለክለው አንቀጽ ነው፤ ይህ አንቀጽ በፈረንሳይ ገጠር ምን ያህል እንደሚከበር ወደ ኋላ ይታያል።

ቬሎስዮ ጉልበቱን ያፈሰሰበት ሙግት ግን ስለ ማርሽ ነበር። ካቴናውን ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው እያሻገረ ዳገቱን የሚያቀልለው መሣሪያ ለሰው ልጅ የተሰጠ በረከት መሆኑን እሱ ሲሰብክ፣ የቱር ደ ፍራንስ መሥራች ሄንሪ ደግራንዥ ደግሞ ማርሽ የደካሞች መጠጊያ ነው ብሎ ስላመነ፣ ተወዳዳሪዎቹ እስከ 1937 ድረስ መሣሪያውን እንዳይጠቀሙ ተከልክለው ነበር። ከዚህ የተነሣ ለመዝናናት የወጣ ሽበታም ነጋዴ ማርሹን እየቀየረ ተራራውን በዝግታ ሲወጣ፣ እንጀራው ብስክሌት የሆነው ጎረምሳ ግን ከተራራው ሥር ወርዶ፣ የኋላ ጎማውን ፈትቶና ገልብጦ በሌላኛው ወገን ያለውን ጥርስ ካስገባ በኋላ ብቻ መንገዱን ይቀጥል ነበር። ስንፍና ከብርታት ቀድሞ የሠለጠነበት እንዲህ ያለ ምሳሌ በታሪክ ብዙ አይገኝም።

እንዲያም ሆኖ ጉዞው ለረጅም ዘመን ጊዜና ገንዘብ ለተረፈው ሰው ብቻ የተተወ ነበር። በሰኔ 1936 ሕዝባዊ ግንባር የተባለው የግራ ፓርቲዎች ጥምር መንግሥት ሠራተኞች በዓመት ሁለት ሳምንት ደመወዝ የሚከፈልበት ዕረፍት እንዲያገኙ ሲደነግግ፣ ባሕር አይቶ የማያውቀው የፋብሪካ ሠራተኛ ከነባለቤቱ ታንደም በሚባለው የሁለት ሰው ብስክሌት ላይ ወጥቶ ወደ ባሕር ገሰገሰ። በታንደም ላይ ከፊት ያለው መሪውን ይይዛል፣ ከኋላ ያለው ደግሞ መንገዱ ሳይታየው አቅጣጫ ያዛል፣ ሁለቱም ሌላው ፔዳል እየመታ አይደለም ብለው ይጠረጥራሉ፤ ሽማግሌ ሳይጠሩ ትዳርን ለመመርመር ከዚህ የተሻለ መሣሪያ እስካሁን አልተሠራም።

ዛሬ ለዘገምተኛ ተጓዥ ከተዘጋጁት መንገዶች መካከል ዝነኛው በሎዋር ወንዝ ዳር የተዘረጋው ነው። ሎዋር 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የፈረንሳይ ረጅሙ ወንዝ ሲሆን፣ የብስክሌቱ መንገድ በኔቨር ከተማ አጠገብ ካለችው ኩፊ ተነሥቶ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር እስካለችው ሴን ብረቨን ድረስ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ይህም ከአትላንቲክ እስከ ጥቁር ባሕር የሚደርሰው ዩሮቬሎ 6 የተባለ አህጉር አቋራጭ መስመር አካል ነው። መንገዱ በብዙ ቦታ የሚያልፈው ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ጎርፍን ለማገድ በወንዙ ዳርና ዳር በተካበው ልቬ የተባለ የአፈር ግድብ ላይ ነው፤ ግድቡ ሁልጊዜ እንዳላገደ ግን በ1846፣ በ1856 እና በ1866 ውሃው የደረሰበትን ከፍታ የሚያሳዩት፣ በየመንደሩ ግድግዳ ላይ የተቀረጹት መስመሮች ይመሰክራሉ።

ካርታ ዘርግቶ የሚያቅድ ሰው ወንዝ ወደ ታች እንደሚፈስ ከተማሪ ቤት ጀምሮ ስለሚያውቅ፣ ከላይ ተነሥቶ ከውሃው ጋር ወደ ባሕር መውረድን ይመርጣል። ያላሰበው ነገር ቢኖር በዚያ አገር ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከውቅያኖሱ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ መሆኑን ነው። የወንዙ ቁልቁለት እጅግ ትንሽ ስለሆነ እግር አያውቀውም፤ ነፋሱን ግን እግርም፣ ደረትም፣ ከጎንና ከጎን የተንጠለጠሉት ቦርሳዎችም ያውቁታል። ስለዚህ በሎዋር ዳር ሁለት ዓይነት ሕዝብ ይተላለፋል፤ ወደ ባሕር የሚወርደው አንገቱን ቀብሮ ቁልቁለቱን እንደ ዳገት ሲገፋ፣ ከባሕር የሚመጣው ደግሞ ቀና ብሎ፣ አንዳንዴም አንድ እጁን ከኪሱ ከቶ፣ ረጅም «ቦንዡር» ያቀርባል። የወራጁ አጸፋ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው።

ከነፋስ ቀጥሎ የተጓዡን ዕጣ የሚወስነው የዳቦ ቤቱ ሰዓት ነው። ባጌት የተባለው ቀጭንና ረጅም ዳቦ አሠራሩና ባህሉ በ2022 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ የሰፈረ ሲሆን፣ ይህን ያህል ክብር የተጎናጸፈው ዳቦ ግን በብዙ መንደር ሰኞ ሰኞ አይገኝም፤ በሌላውም ቀን ዳቦ ቤቱ በምሳ ሰዓት ይዘጋል። ምግብ ቤቱ በተቃራኒው ልክ በቀትር ይከፍትና ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ምድጃውን አጥፍቶ እስከ ማታ አይገኝም። ስለዚህ አሥር ደቂቃ የዘገየ ብስክሌተኛ ጠረጴዛው ተደርድሮ፣ የሌሎች ሰዎች ቡና እየጨሰ፣ አስተናጋጁ በትሕትና ራሱን ሲነቀንቅ ያገኘዋል። ሳይራቡ መብላት የሚለው የቬሎስዮ ትእዛዝ ለጤና ተብሎ የወጣ ይመስላል እንጂ፣ የገጠሩን የሥራ ሰዓት ከማወቅ የመነጨ መሆኑን ማንም በሦስተኛው ቀን ይረዳዋል።

የመጠጥ ውሃ ጉዳይ የሚፈታው ደግሞ በመቃብር ስፍራ ነው። በአንድ መንደር ቡና ቤቱ ከተዘጋ ዓመታት ቢያልፉም፣ ሱቁ ወደ መኖሪያ ቤት ቢለወጥም፣ ለመቃብር አበባ ማጠጫ የተተከለው ቧንቧ ብዙውን ጊዜ አይጠፋም፤ ነገሩን የለመደ ብስክሌተኛም መንደር ሲገባ ዐይኑን የሚልከው ወደ አደባባዩ ሳይሆን ከግንብ አጥር በላይ ብቅ ወዳሉት የጽድ ዛፎች ነው። በሩን ቀስ ብሎ ይከፍታል፤ ሄልሜቱን ያወልቃል፤ በጠጠሩ ላይ እንዳይንኳኳ እየተጠነቀቀ ወደ ቧንቧው ይጠጋል። ቧንቧው ውሃ እንዳይባክን ተብሎ ካልተጫኑት የማይፈስ ከሆነ፣ በአንድ መዳፍ ቁልፉን ተጭኖ በሌላው እጅ አፈ ጠባቡን ጠርሙስ ማስተካከል ግድ ይሆናል፤ ውሃው ግን ለባልዲ የተሰላ ስለሆነ ሲሶው ወደ ጠርሙሱ፣ የቀረው ወደ ጫማው ይገባል። «ለመጠጥ የማይሆን» የሚል ጽሑፍ ከተለጠፈበት ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም ለፊት መታጠቢያ ይውላል። በዚህ መካከል አበባ ይዘው የሚመጡ አሮጊት ቢደርሱ፣ ከየት እንደ መጣና የት እንደሚያድር ይጠይቁታል፤ መልሱን ሰምተው ነፋሱ ከፊት መሆኑን እንደ አዲስ ዜና ይነግሩታል።

ከወንዙ ወደ ደቡብ ጥቂት የራቀ ሰው የሚገባው ደን ውስጥ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ደን ደግሞ ብዙ የሚያናግረው የሻምቦር ነው። 5,440 ሄክታር የሆነው ይህ ይዞታ 32 ኪሎ ሜትር በሚረዝም የድንጋይ ግንብ የታጠረ ሲሆን፣ ውስጡ አጋዘንና የዱር አሳማ የሚኖሩበት፣ አብዛኛው ክፍሉም ለጎብኚ የተከለከለ ነው። መንገዶቹ ለአደን የተቀየሱ በመሆናቸው እንደ ክር የቀኑ ናቸው፤ ቀጥ ያለ መንገድ በሥዕል ሲያምር፣ ለብስክሌተኛ ግን ገና የሚቀረውን ሁሉ አስቀድሞ ስለሚያሳየው ተስፋ ያስቆርጣል። መስከረም ሲጋመስ ወንዱ አጋዘን ለሴቶቹ ሲያገሳ የሚሰማው ድምፅ፣ ከአካሉ ውበት ጋር ፈጽሞ የማይስማማ፣ የታመመ በሬ የሚያሰማው ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ነገር ቀድሞ ያልተነገረው ተጓዥ ማርሹን ወደ ከባዱ ይቀይራል።

ከደኑ መካከል ብቅ የሚለውን ግንብ ንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ (1515–1547) ማሠራት የጀመሩት በ1519 ነው። ከ400 በላይ ክፍሎችና 282 የእሳት ምድጃዎች ያሉት ይህ ሕንፃ ይበልጥ የሚታወቀው በመካከሉ ባለው ጥንድ ደረጃ ሲሆን፣ ሁለቱ ጠመዝማዛ ደረጃዎች በአንድ ምሰሶ ዙሪያ ስለሚጠማዘዙ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ቢወርድ በመስኮቶቹ ይተያያሉ እንጂ አይገናኙም። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር አምቧዝ ላይ ያረፈው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሐሳቡን አመንጭቶ ይሆናል የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ሊዮናርዶም ይሁን ሌላ፣ ያን ደረጃ የነደፈው ሰው ቀኑን ሙሉ ፔዳል ሲመታ የዋለ ጉልበት እንደሚወጣበት አላሰበም።

የዚህ ሁሉ ሕንፃ ባለቤት በ32 ዓመት ንግሥናቸው ሻምቦር ያደሩበት ሌሊት ቢደመር 72 ገደማ ነው። ምክንያቱም ቤተ መንግሥታቸው አንድ ቦታ አልረጋም፤ ንጉሡ ከግንብ ወደ ግንብ፣ ከአደን ወደ አደን ሲዘዋወሩ አልጋው፣ የግድግዳ መጋረጃው፣ ሣጥኑና የማድ ቤቱ ዕቃ በሠረገላና በበቅሎ ተጭኖ ይከተላቸዋል፤ ሲሄዱም ግንቡ ባዶውን ይቀራል። ይህ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በዚያው ዘመን ኢትዮጵያን ይገዙ የነበሩት አፄ ልብነ ድንግል (1508–1540) ከነሠራዊታቸው በድንኳን ከተማ ሲዘዋወሩ፣ በ1520 ከፖርቱጋል ልዑካን ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አይቶ ጽፏል። የአፄው ሥርዓት እንዲያውም ብልህነት ይታይበታል፤ ፍራንሷ ጓዙንም ግንቡንም ሲያበዙ፣ እሳቸው ግንቡን ትተው ድንኳኑን ብቻ ይዘዋል።

በዛሬው የሎዋር ሸለቆ የእነዚህ ነገሥታት ትክክለኛ ወራሽ ማን ነው ቢባል፣ በአውቶቡስ መጥቶ በአውቶቡስ የሚመለሰው ጎብኚ ሊሆን አይችልም። አልጋውን፣ ቤቱን፣ ምጣዱን፣ የዝናብ ካፖርቱንና ትርፍ ከመነዳሪውን በአራት ቦርሳ ጠቅጥቆ ከግንብ ወደ ግንብ የሚዞረው፣ ማታ ማታ ድንኳኑን የሚተክለው፣ አንዱም ቦታ ላይ ከአንድ ሌሊት በላይ የማያድረው ብስክሌተኛ ነው። ልዩነቱ ንጉሡ ጭነታቸውን ራሳቸው አለመግፋታቸው፣ ግንብ ሲደርሱም ትልቅ ቦርሳ ይዞ መግባት አይፈቀድም የሚላቸው ዘበኛ አለመኖሩ ነው። የዕቃው ብዛት ግን ሁለቱንም እኩል ይፈታተናል፤ በጉዞው ሁለተኛ ሳምንት ብስክሌተኛው ሁለተኛውን ሹራብ፣ ያላነበበውን መጽሐፍና የቡና ማፍያውን ከፊቱ ደርድሮ ማንን እንደሚያሰናብት ሲመክር፣ የቡና ማፍያው ሁልጊዜ ምሕረት ያገኛል።

ከሌሎቹ የአካባቢው ግንቦች መካከል ስለ ሸኖንሶ፣ ማለትም ሼር በተባለው ገባር ወንዝ ላይ እንደ ድልድይ ስለተሠራው ግንብ፣ ካትሪን ደ ሜዲቺ ባላቸው ሄንሪ ዳግማዊ በ1559 ሲሞቱ የንጉሡን ውሽማ ዲያን ደ ፗቲዬን አስወጥተው ግንቡን እንደ ወሰዱ፣ በምትኩም ሾሞን የተባለውን ሌላ ግንብ እንደ ሰጡ ማወቅ ይበቃል፤ ምን ቢጣሉ ቤት ሳይሰጡ ቤት አልቀሙም።

ከቱር ከተማ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ሶሚር ሲወረድ ግን የቬሎስዮ አንቀጽ አደጋ ላይ ይወድቃል። ግንቦቹ የተሠሩበት ቱፎ የተባለው ነጭና ለስላሳ የኖራ ድንጋይ የተፈለጠው በዚያው ካሉት ገደሎች ሲሆን፣ ድንጋዩ ሲወጣ የቀሩት ዋሻዎች ክረምት ከበጋ ቀዝቃዛ በመሆናቸው የወይን ጠጅ መጋዘን ሆነዋል። የቩቭሬ ነጩና የሺኖን ቀዩ ወይን የሚሸጡት ከመንገዱ ብዙ በማይርቁ በሮች ነው፤ ከውጭ ሙቀቱ ሲያቃጥል፣ ከዋሻው አፍ የሚወጣው ቀዝቃዛ አየር ጉልበት ላይ ሲያርፍ ሕግ ማስታወስ ያስቸግራል። የፈረንሳይ መንግሥት ሕግ ግን ይታወሳል፤ በአንድ ሊትር ደም ከ0.5 ግራም በላይ አልኮል የተገኘበት ሰው መኪና ላይም ይሁን ብስክሌት ላይ ይቀጣል። በዚህ የተነሣ ብዙዎች ጠርሙሱን ገዝተው ለማታ ያቆዩታል፤ ጭነታቸውም እንደገና ከአንድ ኪሎ በላይ ይጨምራል።

በመንገዱ ፍጻሜ በሴን ብረቨን ባሕር ዳር ሁዋንግ ዮንግ ፒንግ የተባለው ቀራፂ በ2012 የሠራው፣ 130 ሜትር ያህል የሚረዝም የአሉሚኒየም እባብ አፅም የባሕሩ ውሃ ሲሞላ ተውጦ ሲሸሽ ይገለጣል። ከዚያ ወዲያ መመለሻው ባቡር ነው። ክልላዊዎቹ ባቡሮች ብስክሌት ይጭናሉ፤ ነገር ግን በብዙዎቹ ብስክሌቱ ከፊት ጎማው መንጠቆ ላይ ስለሚሰቀል አራቱም ቦርሳ አስቀድሞ መውረድ አለበት፣ በትንንሹ ጣቢያ ደግሞ ባቡሩ የሚቆመው ለደቂቃ ወይም ለሁለት ደቂቃ ነው። ንጉሡ ለዚህ ሥራ መቶ አሽከር ነበራቸው፤ ብስክሌተኛው ያለው ሁለት እጅና፣ ዕድል ከቀናው፣ በሩን በእግሩ ይዞ የሚቆምለት አንድ ተሳፋሪ ነው።